መወልወያው ርካሽ ቢሆንም የመኪናው ቀለም ርካሽ አይደለም

በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞቻችን በመኪና ማጠቢያዎችና በጋራዦች ውስጥ አንድ የሥራ ዓይነት እየተለመደ መምጣቱን አንባቢዎቻችን ሳይመለከቱት አልቀሩም። ይኸውም በኤሌክትሪክ ኀይል በሚሽከረከር የእጅ መወልወያ የመኪናን ቀለም እየፈተጉ፥ በፀሐይ ብርሃን ጊዜ የሸረሪት ድር መስለው የሚታዩትን ደቃቅ ጭረቶች ማጥፋት ነው። ባለመኪናው ሥራውን «ፖሊሽ ማስደረግ» ይለዋል። ጀማሪ ሠራተኛም አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው መሣሪያ በዋጋው ዝቅ ያለውን፥ በአንድ እንዝርት ላይ ብቻ የሚዞረውን ዓይነት ነው።

ስለዚህ መሣሪያ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲነገር እንሰማለን። አንደኛው ወገን፥ ርካሽ መወልወያ ቀለም ከማበላሸት በቀር የሚፈይደው ነገር ስለሌለ ከገበያ ቢጠፋ ይሻላል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፥ መሣሪያ ሁሉ መሣሪያ ነው፤ የክንድ ብርታት ካለ ጭረት ሁሉ ይወጣል ብሎ ያምናል። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ወገኖች ዋናውን ነገር ዘለውታል እንላለን። በርካሽ መወልወያ የተጣራ ሥራ መሥራት ይቻላል፤ ርካሽ ሊሆን የማይገባው ግን የባለሞያው ዕውቀትና ለደንበኛው የሚሰጠው ቃል ነው። መሣሪያው ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ከመኪናው ላይ ተፈትጎ የሄደው ቀለም ግን ተመልሶ አይመጣም።

ጉዳዩ የውበት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ የመኪና ገበያችን የደረሰበትን ሁኔታ ቢመለከት ሐሳቡን ይለውጣል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ አገር በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፥ የመኪና ቀለምም ጭምር፥ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ አለ። እንግዲህ ዛሬ በእጃችን ያለው መኪና ለብዙ ዓመት ሊያገለግለን የሚገባ ሀብት ነው። የሀብቱም አንዱ ክፍል ቀለሙ ነው፤ ቀለሙ የተነሣበት ላሜራ ይዝጋል፤ የዛገ መኪናም ዋጋው ይወርዳል።

በቅድሚያ የሚፈተገው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዘመናችን ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና በላሜራው ላይ ዝገት የሚከላከል ሽፋን፥ ከዚያ በላይ መሠረት የሚሆን ቀለም፥ ከዚያም መልኩን የሚሰጠው ቀለም፥ ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለው እንደ መስተዋት ጥርት ያለ ሽፋን አለው። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ክፍል ነው። ከዚህ ውስጥ ጥርት ያለው የላይኛው ሽፋን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ፥ ባለመወልወያው በእጁ ያለው ጠቅላላ ካፒታል ከአንዲት ጠጉር ያነሰ ነው ማለት ነው።

የሸረሪት ድር የሚመስሉትም ጭረቶች በዚሁ የላይኛው ሽፋን ላይ ያሉ ናቸው። ክብ ሆነው መታየታቸው ብዙ ሰው ያሳስታል። በእውነቱ ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተሠመሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከመካከላቸው ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ለብርሃኑ አግድም የሆኑት ብቻ ስለሆኑ፥ በፀሐዩ ነጸብራቅ ዙሪያ የተጠመጠመ ክር ይመስላሉ። የሚመጡትም በአብዛኛው ከአጣጠብ ጉድለት ነው። አቧራ የለበሰ መኪና በደረቅ ጨርቅ ሲወለወል፥ መሬት ላይ የወደቀ ስፖንጅ ሳይታጠብ እንደገና ሲያገለግል፥ በአንድ ባልዲ ውኃ ብዙ መኪና ሲታጠብ፥ አሸዋው በጨርቁና በቀለሙ መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

መወልወል ማለት እንግዲህ ጭረቱን መሙላት ሳይሆን፥ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ሽፋን እስከ ጭረቱ ግርጌ ድረስ ሞርዶ ማስተካከል ነው። በቅባቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ዱቄት የሚሠራው ይህንኑ ነው። ደቃቅ ጭረት ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን ስለማይበልጥ፥ አስተዋይ ባለሞያ የሚያነሣውም ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ግዴለሽ ሠራተኛ ግን በአንድ ጊዜ 10 ማይክሮን ቢያነሣ፥ 40 ማይክሮን የነበረው ሽፋን በሦስት ጊዜ ፖሊሽ 10 ብቻ ይቀረዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች፥ ቀለምን የሚያደርቀው የፀሐይ ጨረር በቆላ ካለው ይበረታል። ይህን ጨረር የሚከላከለው ደግሞ ያው የላይኛው ሽፋን ነው። የሳሳ ሽፋን ከጊዜ በኋላ ይነጣል፥ ይላጣልም። በዚያን ጊዜ መኪናውን እንደገና ከመቀባት በቀር መፍትሔ የለውም።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። በአንድ እንዝርት ላይ የሚዞር መወልወያ ኀይሉን ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ያውላል። እየዞረ የሚወዛወዘው ሌላው ዓይነት ግን እንቅስቃሴውን ስለሚበትን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሠራተኛው ከመጠን በላይ ቢጫነውም መሽከርከሩን ያቆማል። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። ስፋቱ 180 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፖንጅ በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ይህን በሚያህል ፍጥነት በአንድ ቦታ ላይ ለጥቂት ሰኮንድ መቆም ቀለሙን ለማቃጠል ይበቃል።

የርካሹ መሣሪያ ጉድለትም የታወቀ ነው። አንዳንዱ ዝቅተኛው ፍጥነቱ ራሱ ከሚፈለገው በላይ ነው፤ አንዳንዱ ሲጫኑት ይደክምና ሲለቁት ይፈናጠራል፤ ሌላው ቁልፉ ሲነካ በድንገት ይነሣል፤ ስፖንጁ የሚለጠፍበትም ሰሃን ደረቅና አንዳንድ ጊዜም የተጣመመ ይሆናል። ስለዚህ ገዢው ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት መሣሪያውን በኤሌክትሪክ ላይ አስሰክቶ ይሞክር። በዝቅተኛው ፍጥነት ረጋ ብሎ የሚዞር፥ በእጅ ሲያዝ የማያርገፈግፍ፥ ፍጥነቱ ደረጃ በደረጃ የሚለወጥ ከሆነ በዋጋው ዝቅተኛነት ብቻ ሊናቅ አይገባውም። ከዚህ በቀር፥ ብረት መቁረጫ ግራይንደር ላይ ስፖንጅ አስሮ መኪና መወልወል ፈጽሞ ሊከለከል የሚገባው ነገር ነው። የትንሹ ግራይንደር ፍጥነት በደቂቃ 11,000 ዙር ያህል ስለሆነ፥ ለቀለም ቀርቶ ለሠራተኛውም ለራሱ አደገኛ ነው።

አሠራሩን በሚመለከት፥ ልምድ ያላቸው ባለሞያዎች የሚስማሙበት ሥርዓት አለ። መኪናው በሚገባ ታጥቦ፥ በላዩ የተጣበቀው ቆሻሻ ሁሉ ተነሥቶ፥ በጥላ ሥር ላሜራው ቀዝቅዞ መገኘት አለበት። ጠርዞችና የተጣጠፉ መስመሮች ቀለሙ የሚሳሳባቸው ቦታዎች ስለሆኑ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈኑ። ከዚያም ሥራው ከሁሉ አስቀድሞ በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ፥ በለስላሳው ስፖንጅና በደካማው ቅባት ይሞከር፤ ያ ካልበቃ ብቻ ወደሚበረታው ይታለፍ። ብዙ ሰው የሚያጠፋው ከሱፍ ልባስና ከጠንካራው ቅባት በመጀመሩ ነው። በአንድ ጊዜ የሚሠራው ስፋት ክንድ በክንድ ቢሆን ይበቃል። ስፖንጁ ላሜራው ላይ ካረፈ በኋላ መሣሪያው በዝቅተኛ ፍጥነት ይነሣ፤ ቅባቱ ከተዳረሰ ወዲያ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 1,500 ዙር ባለው መካከል ይሁን። ክብደቱ የራሱ የመሣሪያው ይበቃል፤ ክንድ መጨመር አያስፈልግም። መሣሪያው ሳይዘነበል ተስተካክሎ፥ አንድ መስመር በሌላው ላይ ግማሽ በግማሽ እየተደረበ፥ ሳይቆም ይሂድ። ሠራተኛው በየጊዜው በእጁ ጀርባ ላሜራውን ይንካ፤ ለብ ማለቱ ደግ ነው፥ እጅ የሚያስነሣ ከሆነ ግን ሥራው ይቁም። የኤሌክትሪኩ ገመድ በትከሻ ላይ ይዋል እንጂ በቀለሙ ላይ አይጎተት።

በተለይ ጥንቃቄ የሚሹ ክፍሎችም አሉ። የፊትና የኋላ መከላከያው በዛሬዎቹ መኪኖች ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክ ሙቀትን እንደ ብረት ስለማያስተላልፍ በአንድ ቦታ ቶሎ ይግላል። በጠርዝ አጠገብ ሲሠራ የስፖንጁ ዙር ከጠርዙ ወደ ውጭ የሚወጣ እንጂ ጠርዙን እየቆረጠ የሚገባ መሆን የለበትም። በቀድሞ ዘመን የተቀቡ መኪኖች፥ ለምሳሌ የጥንቶቹ ቮልስዋገኖች፥ የላይኛው ጥርት ያለ ሽፋን የላቸውም፤ በእነርሱ ላይ ስፖንጁ የቀለሙን መልክ ይዞ ቢገኝ የሚጠበቅ ነው። በዘመናዊው መኪና ላይ ግን ስፖንጁ ቀለም ይዞ ከተገኘ ሽፋኑ አልቋልና ሥራው በዚያው ቅጽበት ይቁም። በከተማችን ደግሞ አንድ ጊዜ ተጋጭቶ፥ ባትላሜራ ነክቶት፥ ስቱኮ ተሞልቶ እንደገና የተቀባ መኪና ብዙ ነው። ውፍረት መለኪያው በላሜራ ላይ ከ300 ማይክሮን በላይ ካሳየ ያ ቦታ እንደገና የተቀባ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ የተቀባበትም ቀለም እንደ ፋብሪካው የጠነከረ ነው ብሎ ማመን አይገባም።

ከሁሉ በላይ ልንናገርበት የምንወደው ግን የእምነት ጉዳይ ነው። ዘይትና መሙያ የበዛበት ቅባት ጭረቱን ሳያነሣ በላዩ ላይ ስለሚተኛ፥ መኪናው ለጥቂት ቀን አዲስ ይመስላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ግን ጭረቱ እንደ ነበረ ይመለሳል። እንዲሁም በሻካራ ስፖንጅ ብቻ ተሠርቶ የማጣሪያው ሥራ የተዘለለበት መኪና በጥላ ሥር ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን መሣሪያው የሄደበት ፈለግ እንደ ጭስ ሲወዛወዝ ይታያል። ባለመኪናው ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። የከፋው ደግሞ፥ መኪናውን ለመሸጥ ያሰበ ሰው በመሙያ አስሸፍኖ «ቀለሙ ንጹሕ ነው» ብሎ ለገዢ ሲያቀርብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ኀላፊ ያደርገዋል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ወይም አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ይሁን እንጂ ነጋዴ እውነት እንዲናገር አዋጅ መጠበቅ አይገባውም።

ምርመራው ቀላል ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ አንዱ ክፍል በውኃ በተበረዘ አልኮል ተወልውሎ ዘይቱ ይነሣ፤ ከዚያም መኪናው ፀሐይ ላይ ይውጣና ባለመኪናውና ሠራተኛው አብረው ይዩት። ይህን ምርመራ የማይፈራ ባለሞያ፥ በእጁ ያለው መሣሪያ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን፥ ባለሞያ ነው። የሚፈራውም የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢታጠቅ ባለሞያ ሊባል አይችልም።

«ይህ ሁሉ ሥርዓት ጊዜ ይፈጃል፤ ደንበኛውም የሚከፍለው ትንሽ ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣብን እናውቃለን። መልሱ እውነትነት አለው። አንድን መኪና በሚገባ ማጣራት አብዛኛውን የሥራ ቀን የሚወስድ ነገር ነው፤ በአንድ ሰዓት ዋጋ ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን የሁለቱን ሥራ ዋጋ ለይቶ መንገር የባለጋራዡ ፈንታ ነው። አንደኛው ሰም ቀብቶ ማብረቅረቅ ነው፤ ሁለተኛው ጭረት ማውጣት ነው። ሁለቱም የተከበሩ ሥራዎች ናቸው፤ ነውሩ አንደኛውን ሠርቶ በሁለተኛው ስም ማስከፈል ነው። ደንበኛውም ልዩነቱ ከተነገረው የትኛውን እንደሚፈልግ ራሱ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜም አነስተኛው ይበቃዋል።

ስለዚህ ለሞያው ባልደረቦች ሦስት ነገር እናሳስባለን። መጀመሪያ፥ ጀማሪ ሠራተኛ እጁን በደንበኛ መኪና ላይ አይፈታ። ከጋራዥ የተጣለ አሮጌ ኮፈን ወይም በር በጥቂት ብር ይገኛል፤ በእርሱ ላይ ቀለሙ እስኪቃጠል ድረስ ሆን ብሎ ቢሞክር፥ ምን ያህል ሲጫን፥ ምን ያህል ሲቆም ጥፋት እንደሚመጣ ያለ ዕዳ ይማራል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ለዚህም ሞያ የተናገሩት ያህል ነው። ሁለተኛ፥ ውፍረት መለኪያው ለአንድ ትንሽ ድርጅት ብቻ ውድ ከሆነ፥ በአንድ ሠፈር ያሉ አምስት ስድስት ጋራዦች አዋጥተው አንድ ይግዙ። ሦስተኛ፥ ከሥራው በፊትና ከሥራው በኋላ የተለካው ውፍረት፥ የተሠራው ሥራ ዓይነትና ቀኑ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ለባለመኪናው ይሰጠው። ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፥ ይህች ቁራጭ መኪናው በተሸጠ ጊዜ ለገዢው ምስክር ትሆናለች፤ ቀጥሎ የሚወለውለውም ባለሞያ ምን ያህል እንደ ቀረው ያውቅባታል። በቀድሞው ባለሞያና በባለመኪናው መካከል ክርክር ቢነሣም ትዳኛለች።

የመሣሪያ አስመጪዎችም የበኩላቸው ግዴታ አለባቸው። መወልወያ ብቻ አምጥቶ ለስላሳ ስፖንጅና የማጣሪያ ቅባት አለማምጣት፥ ብዕር ሸጦ ቀለሙን እንደ መንፈግ ነው። ከሳጥኑ ውስጥ የአጠቃቀሙ መግለጫ በአማርኛና በሌሎችም የአገራችን ቋንቋዎች ተጽፎ ቢገኝ፥ በመሣሪያው ላይም የተጻፈው ፍጥነት እውነተኛ መሆኑ ቢረጋገጥ፥ የተበላሸ ዕቃ እየተመለሰ ከመነታረክ አስመጪውንም ያድነዋል።

ስለ ማጠቢያ ቤቶችም አንድ ቃል ጨምረን እናብቃ። ከፍ ብለን እንዳልነው ጭረቱ በአብዛኛው የሚወለደው በእነርሱ እጅ ነው። መኪናው አስቀድሞ አቧራው በውኃ ቢወርድለት፥ ለሳሙናውና ለማለቅለቂያው ሁለት የተለያዩ ባልዲዎች ቢያዙ፥ የጎማ ጨርቅ ከቀለም ጨርቅ ቢለይ፥ ማድረቂያውም ንጹሕና ለስላሳ ቢሆን፥ ከጭረቱ ብዙው ከመምጣቱ በፊት ይቀራል። አንዳንድ ሰው «ጭረት ከጠፋ የፖሊሽ ገበያም ይጠፋል» ብሎ ሊሠጋ ይችላል። ይህ አጭር ስሌት ነው። ቀለም በተፈጥሮው የማይታደስ ሀብት ስለሆነ በየጥቂት ወሩ ሊወለወል አይችልም፤ ደንበኛን በየሳምንቱ የሚያመላልሰው የታመነ አጣጠብ ነው እንጂ ተደጋጋሚ ፍተጋ አይደለም።

ርካሹ መወልወያ ለብዙ ወጣቶች የመጀመሪያ የሥራ መሣሪያቸው ነው፤ በእርሱም ሠርተው ቤተሰብ ሊረዱ፥ ውሎ አድሮም የተሻለ መሣሪያ ሊገዙ ይችላሉ። ይህን የሥራ በር መዝጋት አይገባንም። ነገር ግን በሩ ክፍት ሆኖ የሚቆየው የደንበኛው እምነት እስካለ ድረስ ነው። አንድ መኪና ቀለሙ ሲቃጠል ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ መስሎ ይታያል፤ ወሬው ግን የሠፈሩን ባለሞያ ሁሉ ያዳርሳል። ሞያችን እንዲከበርልን የምንሻ ሁሉ እንግዲህ መሣሪያውን ከማንሣታችን በፊት ውፍረቱን እንለካ፥ ከሠራን በኋላም ሥራችንን ፀሐይ ላይ አውጥተን እናሳይ።